ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ያሉት ክብደቶች፦ ቱ ዌይ ፊክስድ ኢፌክት በቀላል አማርኛ

አንድ ፕሮግራም ወይም አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ «ለውጥ አመጣ ወይ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ተመራማሪዎች ቶሎ ብለው የሚያነሱት መሣሪያ ቱ ዌይ ፊክስድ ኢፌክት የሚባለው ሪግሬሽን ነው፤ ሪግሬሽን ማለት የአንድ ነገር መለዋወጥ ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ የሚያሰላ ዘዴ ነው። ኢኮኖሚክስ፣ የሕዝብ ጤና ወይም የግብርና ጥናት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ስታታ ወይም አር በሚባሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩም «የፕሮግራሙ አማካይ ውጤት» ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

አማካይ መሆኑስ ልክ ነው። ግን አማካዩ ሲሰላ ለማን ስንት ክብደት ተሰጠ? ይህን የወሰነው ተመራማሪው አይደለም። የወሰነው ስሌቱ ራሱ ነው፤ የወሰነውንም ስክሪን ላይ አያሳይም። ለአንዳንድ ቦታዎች ከዜሮ በታች የሆነ ክብደት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያኔ ፕሮግራሙ በሄደበት ሁሉ ጠቅሞ እያለ ኮምፒውተሩ «ጎድቷል» የሚል ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

ጉዳዩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው ከ2020 ወዲህ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ክብደቶቹን አውጥቶ የሚያሳይ ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ክብደቶቹን እዩ እላለሁ። ለምን እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚታዩ ላስረዳ።

ይህ ሪግሬሽን የሚሠራው ምንድን ነው?

እነዚያኑ ቦታዎች ወይም ሰዎች በተለያየ ጊዜ እየተመለሰ የሚመዘግብ መረጃ ፓነል ዳታ ይባላል። በኢትዮጵያ በ2011/12፣ በ2013/14 እና በ2015/16 ወደ እነዚያኑ ቤተሰቦች እየተመለሰ የጠየቀው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አንዱ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ መረጃ ሲኖር ሪግሬሽኑ ሁለት ነገሮችን ከስሌቱ ያወጣል።

አንደኛው የቦታው ቋሚ ጠባይ ነው። ከፍታው፣ ከዋና ከተማ ያለው ርቀት፣ ከጥንት ጀምሮ ሀብታም ወይም ድሃ መሆኑ። ሁለተኛው በአንድ ዓመት ሁሉንም ቦታ እኩል የነካው ነገር ነው። የዋጋ ንረት ወይም አገር አቀፍ ድርቅ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ፊክስድ ኢፌክቶች ይባላሉ፤ «ቱ ዌይ» የተባለው ሁለቱም ስለሚወጡ ነው። የቀረው ልዩነት ለፕሮግራሙ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ባይመጣ ኖሮ ቦታዎቹ ሁሉ በእኩል መጠን ይለወጡ ነበር የሚል እምነት ነው። ትይዩ ጉዞ እንበለው። ይህ እምነት ከፈረሰ ሌላው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። እዚህ የምናወራው ግን እምነቱ ፍጹም ልክ ሆኖ ሳለ ስለሚመጣ ችግር ነው። ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቦታና ሁለት ጊዜ ብቻ ካለ ችግር የለም። አንዱ ፕሮግራሙን አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። ያገኘው ምን ያህል ተለወጠ? ያላገኘውስ? ሁለተኛውን ከመጀመሪያው መቀነስ ነው። የልዩነቶች ልዩነት ይሉታል፤ ምሁራኑ በአጭሩ ዲፍ ኢን ዲፍ ይላሉ። እንከኑ የሚመጣው ፕሮግራሙ ወደ ተለያዩ ቦታዎች በተለያየ ዓመት ሲደርስ ነው። የገጠር መንገድ በአንድ ዓመት ሁሉም ቀበሌ አይገባም። መብራትም እንደዚያው ነው። ሕግም በአሜሪካ ግዛቶች እየዞረ የሚጸድቀው በተለያየ ዓመት ነው። እንዲያውም አብዛኛው ፖሊሲ ወደ ሰው የሚደርሰው እንዲህ በየተራ ነው።

ክብደት ስንል ምን ማለታችን ነው?

መረጃውን እንደ ሰንጠረዥ አስቡት። ወደ ታች ቦታዎች፣ ወደ ጎን ዓመቶች። አንድ ቦታ በአንድ ዓመት አንድ ሳጥን ነው። ፕሮግራሙ የደረሰው እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ውጤት አለው። አንዱ ጋ ብዙ ሠርቶ ሌላው ጋ ትንሽ ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ደከም ብሎ ኋላ ሊጠነክርም ይችላል።

ሪግሬሽኑ የሚያወጣው ቁጥር የእነዚህ ውጤቶች ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ውጤት በክብደቱ ተባዝቶ። ክብደቶቹ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። ሦስት እኩል ሳጥኖች ካሉ እያንዳንዱ አንድ ሦስተኛ የሚያገኝ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም።

ነጋቲቭ ክብደት ከየት ይመጣል?

ሁለት ከተሞችን እንውሰድ። አንዷን ቀዳሚ፣ ሌላዋን ተከታይ እንበላቸው። ፕሮግራሙ የቧንቧ ውሃ ዝርጋታ ነው። የምንለካው ልጃገረዶች በሴሚስተር ስንት ተጨማሪ ቀን ትምህርት ቤት እንደተገኙ ነው። ሦስት ዓመት እንከታተላለን። በመጀመሪያው ዓመት ውሃ የትም የለም። በሁለተኛው ዓመት ቀዳሚ አገኘች። በሦስተኛው ዓመት ተከታይም አገኘች።

ውሃው በገባበት ዓመት 2 ቀን ይጨምራል እንበል። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ ኑሮውን ስለሚያስተካክል ጭማሪው 8 ቀን ይሆናል። ውሃ ባይመጣ ኖሮ ሁለቱም ከተሞች ላይ ምንም አይለወጥም ነበር። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ ሂሳቡ እንዲታይ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ የደረሳቸው ሦስት ሳጥኖች አሉ። ቀዳሚ በሁለተኛው ዓመት፣ 2። ቀዳሚ በሦስተኛው ዓመት፣ 8። ተከታይ በሦስተኛው ዓመት፣ 2። ተራ አማካያቸው 4 ነው። ሁሉም ጋ ጠቅሟል።

አሁን ይህንኑ ለሪግሬሽኑ ስጡት። መልሱ −1 ነው። ውሃው ልጃገረዶችን ከትምህርት ቤት አስቀረ እንደ ማለት።

ምን ሆኖ ነው? ስሌቱ ውስጥ ሁለት ንጽጽሮች ተደብቀዋል። አንደኛው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት መካከል ቀዳሚን ከተከታይ ጋር ያነጻጽራል። ተከታይ ገና ውሃ ስላላገኘች ንጽጽሩ ንጹሕ ነው። መልሱም 2 ነው። ሁለተኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት መካከል ተከታይን ከቀዳሚ ጋር ያነጻጽራል። ተከታይ በ2 ጨመረች። ቀዳሚ ግን ከ2 ወደ 8 ሄዳለች፤ በ6 ጨመረች ማለት ነው። ከ2 ላይ 6 ሲቀነስ −4 ይመጣል። የ2 እና የ−4 አማካይ −1 ነው።

ገና እያደገ ያለን ልጅ እንደ ሜትር አቁሞ ታናሹን በእሱ መለካት ማለት ነው። ታናሹ አድጎም ያጠረ ይመስላል።

ስሌቱ ይህን እንዴት ይመርጣል?

ቀመሩ አስፈሪ አይደለም። ሪግሬሽኑ በመጀመሪያ «ይህ ሳጥን ፕሮግራም ምን ያህል ሊያገኝ ይገባ ነበር?» ብሎ ይገምታል። ግምቱ የከተማዋ አማካይ ሲደመር የዓመቱ አማካይ ሲቀነስ የጠቅላላው አማካይ ነው።

ቀዳሚ በሦስተኛው ዓመት ላይ እንሞክረው። ቀዳሚ ከሦስት ዓመት በሁለቱ ፕሮግራም ነበራት፤ ሁለት ሦስተኛ። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱም ከተሞች ነበራቸው፤ 1። በጠቅላላው ከስድስት ሳጥን ሦስቱ ፕሮግራም አላቸው፤ ግማሽ። ሁለት ሦስተኛ ሲደመር 1 ሲቀነስ ግማሽ፣ 1.17 ገደማ ይሆናል። በእውነቱ ያገኘችው ግን 1 ነው። ከዚያ በላይ ማግኘት አይቻልም። ስሌቱ ይህንን ሳጥን «ከሚጠበቅበት በታች ያገኘ» አድርጎ ይመዘግበዋል። ከሚጠበቅበት በታች ያገኘ ሳጥን ደግሞ ለስሌቱ ማነጻጸሪያ ነው። የሚቀነስ እንጂ የሚደመር አይሆንም።

ግምቱ ከእውነተኛው ሲቀነስ የሚተርፈው ቅሪት ይባላል። የሦስቱ ሳጥኖች ቅሪት በተራ አንድ ሦስተኛ፣ ነጋቲቭ አንድ ስድስተኛ እና አንድ ስድስተኛ ነው። እነዚህን ለድምራቸው ስናካፍል ክብደቶቹ ይወጣሉ፦ 1፣ −0.5 እና 0.5። ሂሳቡ 2 ሲደመር 1 ሲቀነስ 4 ነው፤ −1። ከላይ ያገኘነው ቁጥር ነው።

ነጋቲቭ ክብደት የሚወድቅበት ቦታም በዘፈቀደ አይደለም። ቀድመው በጀመሩ ቦታዎች፣ በመጨረሻዎቹ ዓመቶች ላይ ነው የሚወድቀው። የፕሮግራሙ ዘላቂ ውጤት የሚታየው ደግሞ እዚያ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። ቀስ ብሎ ፍሬ የሚያፈራ ፕሮግራም ይበልጥ ይቀጣል።

ውጤቱ በሁሉም ሳጥን እኩል 2 ቢሆን ኖሮስ? 2 ሲደመር 1 ሲቀነስ 1፣ መልሱ 2 ይሆን ነበር። ልክ ነው። ስለዚህ ነጋቲቭ ክብደት ብቻውን አያጠፋም። የሚያጠፋው ውጤቱ ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ጊዜ ሲለያይ ነው። በተግባር ግን የማይለያይ ውጤት ማግኘት ከባድ ነው።

ፕሮግራሙ ጨርሶ ያልደረሳቸው ቦታዎች ቢኖሩስ?

በጣም ይረዳል። በምሳሌያችን ላይ ውሃ በሦስቱም ዓመት ያላገኙ ሁለት ከተሞች እንጨምር። ክብደቶቹ 0.4፣ 0.1 እና 0.5 ይሆናሉ። ነጋቲቩ ጠፋ። የሪግሬሽኑ መልስም ከ−1 ወደ 2.6 ተነሳ።

ግን እውነተኛው አማካይ 4 መሆኑን አትርሱ። 8 ቀን ያስገኘው ሳጥን የተሰጠው 0.1 ብቻ ነው፤ ሊያገኝ የሚገባው አንድ ሦስተኛ ነበር። «ነጋቲቭ ክብደት የለም፣ ስለዚህ ሰላም ነው» የሚሉ ሰዎች ይህንን ይዘነጋሉ። ነጋቲቭ አለመኖሩ ምልክቱ እንዳይገለበጥ ይጠብቃል። መጠኑ ልክ እንዲሆን ግን ዋስትና አይሰጥም።

በእውነተኛ ጥናት ላይ ታይቷል?

ታይቷል። በደንብ የተመረመረ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ድሮ ለመፋታት የትዳር ጓደኛን ጥፋት ማስረዳት ወይም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1969 ይህን የሚለውጥ ሕግ አጸደቀች። አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን ፈረሙበት፤ ከጥር 1970 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙ ግዛቶች በተለያየ ዓመት ተከተሉ። አንዳንዶቹ ከዚያ ቀደም ብለው ለውጠው ነበር፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጨርሶ አልለወጡም።

ቤትሲ ስቲቨንሰን እና ጀስቲን ዎልፈርስ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህ ሕግ በመጣባቸው ግዛቶች ራሳቸውን የሚያጠፉ ሴቶች ቁጥር መቀነሱን አሳዩ። አንዲት ሴት ከክፉ ትዳር መውጫ በር ካላት ሕይወቷ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው። ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም፤ ቁጥሩ በትክክል መነበብ አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

አንድሩ ጉድማን-ቤከን የሚባል ኢኮኖሚስት በ2021 ባሳተመው ጥናት ይህንን መረጃ ወስዶ ሪግሬሽኑን ወደ ክፍሎቹ በተነው። ጠቅላላው ቁጥር −3.08 ነው። በሚሊዮን ሴቶች ሦስት ያህል ሞት ቀንሷል ማለት ነው። ውስጡ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ሕጉን የለወጡት ግዛቶች ጨርሶ ካልለወጡት ጋር የተነጻጸሩበት ክፍል −5.33 ይላል፤ 24 በመቶ ክብደት አለው። ከ1964 በፊት ከለወጡት ጋር የተደረገው −7.04 ይላል፤ 38 በመቶ። ቀድመው የለወጡት ገና ካልለወጡት ጋር ሲነጻጸሩ ውጤቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ 11 በመቶ።

የቀረው 26 በመቶ ዘግይተው የለወጡት ቀድመው ከለወጡት ጋር የተነጻጸሩበት ነው። እሱ +3.51 ይላል። ሕጉ ሞት ጨመረ እንደ ማለት። ይህ የሆነው ቀድመው በለወጡት ግዛቶች ሞቱ ገና እየቀነሰ ስለነበር ነው። እነሱን ማነጻጸሪያ ስታደርጋቸው የኋለኞቹ የባሰባቸው ይመስላል። ይህን ክፍል አውጥታችሁ ቀሪውን ብቻ ብታማክሉ ቁጥሩ ከ−5 ያልፋል። ሕጉ ያመጣው ለውጥ ሪግሬሽኑ ከሚለው በብዙ የላቀ ነበር።

ክብደቶቹን በሶፍትዌር እንዴት ላስላ?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው በእጅ ነው። ቢያንስ አንድ ጊዜ እንድትሞክሩት እመክራለሁ፣ ነገሩ ያኔ ነው የሚገባው። ውጤቱን ተዉት። ፕሮግራሙን ራሱን (0 ወይም 1) በቦታና በዓመት ፊክስድ ኢፌክቶች ላይ ሪግሬስ አድርጉ። ቅሪቱን አስቀምጡ። ፕሮግራሙ የደረሳቸውን ሳጥኖች ብቻ አስቀሩ። የእያንዳንዱን ቅሪት ለቅሪቶቹ ድምር አካፍሉ። አለቀ። መረጃው በግለሰብ ደረጃ ከሆነ በየሳጥኑ ያሉት ሰዎች ብዛትም ይባዛበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የምንለካው ውጤት ስሌቱ ውስጥ የትም አልገባም። ክብደቱ የሚወሰነው ማን መቼ ፕሮግራሙን አገኘ በሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ሳታዩ፣ ጥናቱን ገና ስታቅዱ፣ ክብደቶቹን ማየት ትችላላችሁ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተዘጋጀ ትእዛዝ መጠቀም ነው። ክሌማን ደ ሼዝማርታን እና ዣቪዬ ዶልትፈይ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2020 ያሳተሙት ጥናት ነው ነጋቲቭ ክብደቶቹን መነጋገሪያ ያደረገው። አብሮም ቱ ዌይ ኤፍ ኢ ዌይትስ የተባለ ትእዛዝ አዘጋጅተዋል። ሲጻፍ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ያለ ክፍተት ነው። ስታታ ላይ ኤስኤስሲ ከሚባለው ማከማቻ፣ አር ላይ ከክራን ይጫናል።

ስታታ ላይ የትእዛዙን ስም አስከትላችሁ አራት ተለዋዋጮች በተራ ትሰጣላችሁ፦ ውጤቱን፣ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ፕሮግራሙን። «ቦታ» ስትሉ ፕሮግራሙ የሚለያይበትን ደረጃ ስጡ። ፕሮግራሙ በወረዳ ከሆነ የሚሰጠው ወረዳውን እንጂ ቤተሰቡን አትስጡ። ቀጥሎ ከኮማ በኋላ ዓይነቱን ትመርጣላችሁ። ለተለመደው ሪግሬሽን በትይዩ ጉዞ እምነት ብቻ ከሆነ ኤፍኢቲአር የሚባለው ነው። ሪግሬሽናችሁ በየዓመቱ ለውጥ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኤፍዲቲአር፤ እሱ ግን አምስተኛ ተለዋዋጭም ይፈልጋል። መቆጣጠሪያ ተለዋዋጮች ካሉም ይጨመራሉ።

ምን ዓይነት መልስ ይመጣል?

ትእዛዙ በጥቂት መስመር ይመልሳል። ቁጥሩ የስንት ውጤቶች ድምር እንደሆነ፣ ስንቱ ፖዘቲቭ ስንቱ ነጋቲቭ ክብደት እንዳለው፣ የየወገኑ ድምር ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከብዛቱ ይልቅ ድምሩን እዩ። ብዙ ሳጥኖች ነጋቲቭ ሆነው ድምራቸው −0.02 ቢሆን እንቅልፍ አይነሳም። ድምሩ −0.5 ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ለማስተማሪያ የተፈጠረ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማቲው ጀንትስኮው፣ ጄሲ ሻፒሮ እና ማይክል ሲንኪንሰን ከ1868 እስከ 1928 በነበሩት የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ላይ አንድ ጥናት በ2011 አሳትመው ነበር። በአንድ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጋዜጣ ሲኖር ስንት ሰው ለመምረጥ ይወጣል የሚል ነው። ደ ሼዝማርታን እና ዶልትፈይ በዚሁ መረጃ ላይ ክብደቶቹን አወጡ። ከ10,000 በላይ ክብደቶች ነበሩ። በፊክስድ ኢፌክት ሪግሬሽኑ ላይ 40 በመቶ ያህሉ ነጋቲቭ ሆኑ፤ ድምራቸው −0.53። ከአንዱ ምርጫ ወደ ቀጣዩ ባለው ለውጥ ላይ የተሠራው ሪግሬሽን ደግሞ የባሰ ነበር።

ውጤቱም ተለያየ። አንዱ ሪግሬሽን ጋዜጣ የመራጩን ቁጥር በጥቂቱ ቀነሰ አለ፣ ከዜሮ ግን የማይለይ። ሌላው ወደ 0.3 በመቶ ነጥብ ጨመረ አለ። ነጋቲቭ ክብደት የሌለው ዘዴ ከ0.4 በላይ ሰጠ። መረጃው ያው፣ ጥያቄው ያው ነው። ውጤቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆንና ትይዩ ጉዞው ልክ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሪግሬሽኖች ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት ነበረባቸው። አለመቀራረባቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ትእዛዙ የክብደቶቹን ዝርዝር በፋይል ማስቀመጥም ይችላል። ይህን አማራጭ አትለፉት። ፋይሉን ክፈቱና ነጋቲቮቹ የትኞቹ ቦታዎችና ዓመቶች ላይ እንደተከማቹ እዩ። ክብደቱ ከአንድ ሌላ ባሕርይ ጋር፣ ለምሳሌ ከቦታው ድህነት ጋር፣ ተያይዞ እንደሆነ የሚፈትሽ አማራጭም አለ። ሌላም ጠቃሚ ነገር ያወጣል። ውጤቱ ከሳጥን ሳጥን ምን ያህል ቢለያይ ነው እውነተኛው አማካይ ዜሮ ሆኖም ይህ ቁጥር ሊወጣ የሚችለው? ያ ልዩነት በጣም ግዙፍ፣ በእውኑ ዓለም የማይታሰብ ከሆነ ቁጥራችሁ ጠንካራ ነው። ትንሽ ልዩነት ብቻ የሚበቃው ከሆነ ቁጥሩ ተሰባሪ ነው።

ቤከን ዲኮምፕ ከዚህ በምን ይለያል?

የጉድማን-ቤከንን ትንታኔ የሚሠራው ትእዛዝ ቤከን ዲኮምፕ ይባላል። ስታታም አርም ላይ አለ። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ቱ ዌይ ኤፍ ኢ ዌይትስ የሳጥኖችን ክብደት ይቆጥራል። ቤከን ዲኮምፕ የንጽጽሮችን ክብደት ይቆጥራል። የንጽጽሮች ክብደት መቼም ነጋቲቭ አይሆንም። «ቤከን ላይ ነጋቲቭ አላየሁም» ብሎ መረጋጋት ስለዚህ ትርጉም የለውም። እዚያ የምትፈልጉት ዘግይተው የገቡት ቀድመው ከገቡት ጋር የተነጻጸሩበት ክፍል ስንት በመቶ እንደያዘና ምን ቁጥር እንዳመጣ ነው።

ቤከን ዲኮምፕ ጥብቅ ነው። ፕሮግራሙ 0 ወይም 1 መሆን አለበት። አንዴ ከገባ መውጣት የለበትም። ስታታ ላይ ደግሞ መረጃው በየዓመቱ ሙሉ እንዲሆን ይጠይቃል። የጋዜጣው ዓይነት መረጃ፣ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የሚሄደው በመጀመሪያው ትእዛዝ ነው።

ስታንዳርድ ኤረር ማስተካከል ወይም የዓመት ተራ መጨመር አይፈታውም?

አይፈታውም። ስታንዳርድ ኤረርን በክላስተር ማስተካከል (የአንድ ቦታ መረጃዎችን እንደ አንድ ቡድን መቁጠር) ቁጥሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይለውጣል። ቁጥሩ ግን ያው ነው። −1 ያለው −1 ይላል።

ብዙዎች የሚወስዱት ሌላ መንገድ ፕሮግራሙ ከገባ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ብሎ ለየዓመቱ የተለየ ቁጥር ማውጣት ነው። ኢቨንት ስተዲ ይባላል። ውጤቱ ከጊዜ ጋር ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀድመው የገቡትና ዘግይተው የገቡት የተለያየ ውጤት ካላቸው ግን የአንዱ ዓመት ቁጥር በሌላው ዓመት ውጤት ይበከላል። ይህን ሊያንግ ሰን እና ሳራ አብርሃም በ2021 አሳይተዋል።

ታዲያ የቀድሞው ጥናት ሁሉ ውድቅ ነው?

አይደለም። ይህን የሚሉ ሰዎች ነገሩን ያጋንኑታል። ፕሮግራሙ በደረሰባቸው ቦታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከገባና ጨርሶ ያልደረሳቸው ሌሎች ቦታዎች ካሉ ነጋቲቭ ክብደት አይመጣም። ያልደረሳቸው ብዙ ከሆኑም ችግሩ ይቀንሳል። ሁሉም ቦታ በመጨረሻ ፕሮግራሙን ያገኘበትና መረጃው ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚቀጥልበት ጥናት ግን ለችግሩ በጣም የተጋለጠ ነው። ብዙ ዓመት መጨመር ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብለን የተማርን ሰዎች ይህ ይከብደናል።

የዘዴው ስፋት ግን አይናቅም። እነ ደ ሼዝማርታን እንደቆጠሩት ከ2010 እስከ 2012 በአንድ ታላቅ የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ከወጡት መረጃ ላይ ከተመሠረቱ ጥናቶች አምስት ሲሆኑ አንዱ ያህል ይህንን ሪግሬሽን ተጠቅሟል።

ክብደቶቹ መጥፎ ሆነው ከተገኙ ምን ይደረጋል?

አዳዲስ ዘዴዎች አሉ። ሁሉም የሚጋሩት ሐሳብ አንድ ነው። ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ገና ያልጀመሩ ወይም ጨርሶ ያልጀመሩ ቦታዎች ብቻ ይሁኑ፤ ክብደቱንም ተመራማሪው በግልጽ ይምረጥ። የብራንትሊ ካላዌይ እና የፔድሮ ሳንታና ዘዴ ስታታ ላይ ሲኤስዲድ፣ አር ላይ ዲድ በሚባሉ ትእዛዞች ይሠራል። የሰን እና የአብርሃም ዘዴ አር ላይ ፊክስስት በሚባል ፓኬጅ ውስጥ አለ። ኪሪል ቦሩስያክ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ደግሞ ፕሮግራሙ ባይመጣ ምን ይሆን እንደነበር ካልደረሳቸው ሳጥኖች ይገምትና ከእውነተኛው ይቀንሳል። ፕሮግራሙ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ እነ ደ ሼዝማርታን ውጤቱን ለመገመት ያዘጋጁት ሌላ ትእዛዝ ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ መረጃው የሌለውን አይፈጥርም። ወደ ሁለቱ ከተሞች እንመለስ። በሦስተኛው ዓመት ውሃ ያላገኘች ከተማ የለችም። ስለዚህ 8 የሚለውን ውጤት ማወቅ የሚችል ዘዴ የለም፤ የተከታይንም 2 እንዲሁ። አዲሶቹ ትእዛዞች እነዚያን ሳጥኖች ትተው የቀዳሚን የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ብቻ፣ 2ን፣ ይሰጧችኋል። ያልደረሳቸው ሁለት ከተሞች ሲጨመሩ ግን ሦስቱም ሳጥኖች ይታወቃሉ፤ አማካዩም 4 ይወጣል። መረጃ ስትሰበስቡ ፕሮግራሙ ያልደረሳቸውን ቦታዎች «ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ከናሙናው አታውጧቸው።